ለቀስተኛ ያጠጣው አበባ

ከከተማችን ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ፕሪንት እስኪደረግልኝ ቆሜ ነው ያየሁት። ከማሽኑ ጎን፣ አንገቱ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አፍሪካን ቫዮሌት ተተክሏል። ቅጠሉ ክብና ፀጉራም፣ አበባው ሐምራዊ፣ መሃሉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያሉ ሁለት ቢጫ ነጥቦች። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ጸሐፊዎች አሉ፤ ወዲያው የልጅነታቸው ሰማይ ይሰፋል፣ ሙዙ ይረክሳል፣ ሰዉ ሁሉ ደግ ይሆናል። እኔ ግን አፍጥጬ ቀረሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዚህ አበባ አንዲት ቅጠል ምክንያት፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴትን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሌባ ብያለሁ። ሴትየዋ እስካሁን በሕይወት አሉ። ላንቴ ነው የሚኖሩት፤ ከሲቀላ ሚኒባስ ተሳፍሮ አንድ ጋዜጣ አንብበው ሳይጨርሱ የሚደረስበት። ይቅርታ ስለማይጠይቁ ሰዎች ብዙ ጽፌያለሁ። እዚያ ግን አንድ ቀን አልሄድኩም።

«ጋሼ፣ አበባ ይወዳሉ?» አለችኝ ልጅቷ ወረቀቱን እያስተካከለች። ሰላማዊት ትባላለች፤ ከጎጃም ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች ናት።

«አልወድም።»

«ታዲያ ምን ያፈጡበታል? አስደነገጡት እኮ።»

«ውሃ የምታጠጪው ከላይ ነው ከታች?»

ቀና ብላ አየችኝ። እስከዚያ ድረስ ሦስት ገጽ ለማሳተም የመጣ ሽማግሌ ነበርኩ፤ አሁን ሰው ሆንኩ። «ከታች ነዋ! በሰሃን። ከላይ ካጠጡት መሃሉ ይበሰብሳል። እንዴት አወቁ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ የሻይ ማንኪያ አንስታ አሳየችኝ። «የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። ይኸው ከተመረቅሁ ጀምሮ የማስተዳድረው ውሃ ይኼ ነው፤ በሳምንት ስድስት ማንኪያ።»

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ይህች ከተማ ውሃ የሚያስተዳድሩ ወጣቶችን ከየአገሩ ሰብስባ፣ አስተምራ፣ ጋዎን አልብሳ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ታስነሳቸዋለች። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እንደማልጽፍም አውቃለሁ።

የእናቴ አበቦች አሥራ አንድ ነበሩ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያዋን እናቴ ልብስ ታጥብበት የነበረው ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ናት የሰጠቻት። ነርሷ ጊዜው ሲከፋ ሻንጣዋን አሸክማ ሄደች፤ አበባዋ ቀረች። ስሙ ራሱ ያናድደኛል። ቫዮሌት አይደለም፣ ከቫዮሌት ጋር ዝምድናም የለውም። አፍሪካዊነቱ እውነት ነው፤ ከታንዛንያ ተራሮች፣ ከድንጋይ ጥላ ሥር ነው የተነቀለው። አውሮፓ ወሰዱት፣ ስም አወጡለት፣ አዳቀሉት፣ መስኮት ላይ መቀመጥ አስለመዱት፤ ከዚያ በአንዲት ነርስ ሻንጣ «የአፍሪካ» ተብሎ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሰፈራችን ወደ ሴቻ ተመለሰ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰሞን ለእናቴ በቁጣ ባስረዳት፣ ከቆርቆሮዎቿ ቀና ሳትል «ታዲያ ጎረቤት ናት በለኛ፤ ምን ያስጮህሃል?» አለችኝ።

ቆርቆሮዎቹ የቲማቲም ድልህ የመጣባቸው ነበሩ። ታቻቸውን በምስማር ትበሳቸዋለች፤ ሦስት ቀዳዳ፣ አራት አይደለም። አፈሩን ራሷ ነው የምትቀምመው፤ የጫካ አፈር፣ የከሰል ድቃቂ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ አሸዋ። አሸዋውን ታጥበዋለች። አሸዋ የሚታጠብ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከእሷ ነው። ቅጠሉ ፀጉራም ስለሆነ አቧራ ይይዛል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ይነጣል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ፣ የናይለን ሻሿን ወደኋላ አስራ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና በዶሮ ላባ አንድ በአንድ ትጠርጋቸዋለች። በዚያ ሰዓት ታች ጸሎት ቤት መዘምራኑ በአኮርዲዮን ይለማመዳሉ፤ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል፤ ጥጉ ላይ ያለው ልብስ ሰፊም ከስፌት መኪናው ጋር አብሮ ያዜማል፤ ሁልጊዜ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ። የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሠራተኞች በመጡ ቁጥር እናቴ መጀመሪያ የምታወጣው አበቦቹን ነበር፣ ከዚያ እህሉን፣ ከዚያ እኔን። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሁለቱም የከተማችን ሐይቆች ይታዩበታል። ይታዩበት ነበር ልበል። ዛሬ በዚያው መስኮት የሚታየው የጎረቤት ፎቅ ጀርባና ጥቁር የውሃ ታንከር ነው። ሙዝ ርካሽ ነበር ወይ? አዎ፣ አንድ እጅ ሙዝ በሃምሳ ሳንቲም በልቻለሁ። ጫማ ግን አልነበረኝም። ያለፈውን ዘመን በሙዝ ዋጋ የሚለኩ ሰዎች የጫማውን አይነግሯችሁም።

እናቴ ወይዘሮ አበራሽ በሁሉ ነገር እጇ ክፍት ነበር። ጨው፣ በርበሬ፣ ብርድ ልብስ፣ የእኔን ሹራብ ሳይቀር ለጎረቤት ልጅ ሰጥታለች። በአበባዋ ግን ንፉግ ነበረች። አፍሪካን ቫዮሌት ከአንዲት ቅጠል እንደሚራባ፣ ቅጠሏን ከነዘንጓ ቆርጦ አፈር ላይ ማስደገፍ ብቻ እንደሚበቃ የጸሎት ቤቱ የሴቶች ኅብረት በሙሉ ያውቅ ነበር፤ የለመኗትም ብዙ ናቸው። «ሰው ውሃ ያበዛል» ትላቸዋለች። «ሰጥቼ አላስገድልም።» የወንጌላዊውን ሚስት እንኳን ባዶ እጇን ሸኝታለች። ለማንም፣ በምንም ምክንያት፣ አንዲት ቅጠል ከዚያ ቤት አልወጣችም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ያን ቀን የተማመንኩት በዚህ ነው።

እትዬ ዘነበች ክሊኒኩ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ እናቴ አጣቢ። አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይመለሱ ነበር፤ አንድ ቴትሮን ጨርቅ ገዝተው ለሁለት ቀሚስ አሰፍተዋል። ከዚያ ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ጊዜ መጣ፤ ሰዎች በየቤቱ መጋረጃ ዘግተው በሹክሹክታ ይጸልዩ ጀመር፤ እትዬ ዘነበች ግን መምጣት አቆሙ። ፈርተው ይሁን፣ ባል ከልክሏቸው ይሁን አላውቅም። እናቴ ጸሎት ቤቱን ላዘጋው ባለ ሥልጣን ይቅር ያለችውን ለጓደኛዋ ይቅር አላለችም። ጸሎት ቤቱ ተመልሶ ሲከፈት፣ አንዷ ከቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ሌላዋ ከግራ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ስለ ፍቅር አብረው ዘመሩ። እኔ ያደግሁት የእትዬ ዘነበች ስም ሲነሳ እናቴ ዕቃ ስታንኳኳ እየሰማሁ ነው።

እናቴ የሞተችው በበጋው ሙቀት ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣሁም ነበር። ሥራ ነበረብኝ፤ ያኔ ሰውን ከእናቱ የሚበልጥ የሚመስል ሥራ፣ ዛሬ ምን እንደነበር የማላስታውሰው። ቀብሯ ላይ ለጥቂት ደረስኩ።

ለቅሶ ቤታችን ምን እንደሚመስል ለአገሬው አልነግርም። አንድ ነገር ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ እንጃ፤ ለቀስተኛ እጁ ሥራ ይፈልጋል። አልቅሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ከተቀመጠ በኋላ እጁን የሚያደርግበት ያጣል። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ የወንበር እግር ያስተካክላሉ። ሴቶቹ ሳሎን ገብተው መስኮቱን ያያሉ። «ውይ፣ የአበራሽ አበቦች! ማን ያጠጣቸው ይሆን?» ጥግ ላይ ጆግ ነበረ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አጠጣች። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አላየችም፤ እሷም አጠጣች። ከጫኖ የመጡት አጠጡ፣ ከምዕራብ ዓባያ የመጡት አጠጡ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ሚስት ቆርቆሮ ሁሉ እስኪሞላ አጠጣች፤ አንዷማ ቅጠሎቹን በእንባዋና በውሃ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለቻቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳይ ልቤ ተነካ። እናቴ እንዴት እንደተወደደች አሰብኩ። ሃይማኖት ላይ፣ መንግሥት ላይ፣ ዘመድ ላይ የምሳለቅ ሰውዬ፣ በዚያ ጆግ ፊት አማኝ ሆንኩ። በሁለተኛው ቀን እኔም ተነስቼ አጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ገቡ። ከእናቴ ጋር የነበራቸውን ቅያሜ የማያውቅ ሴቻ ውስጥ አልነበረም። አላለቀሱም፤ «እግዜር ያጽናህ» እንኳን አላሉኝም። ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንዱን ቆርቆሮ አነሱና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በመስኮት ደፉት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ አንዲት ቅጠል በአውራ ጣታቸው ከነዘንጓ ቀጠፍ አድርገው መሐረብ ውስጥ ጠቀለሏት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ ተነስቼ።

«ቅጠል ነው።»

«ቅጠልማ አየሁ። ማንን አስፈቅደው?»

«አበራሽ ታውቃለች» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ቁጭ በል። በኋላ እነግርሃለሁ።»

«አበራሽ ሞታለች!» ድምፄ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። «እናቴ በሕይወቷ ለማንም ያልሰጠችውን፣ የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ገብተው ይሰርቃሉ? ሌባ!»

«ተው እንጂ፣ ሐዘን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። መሐረቡን ከእጃቸው ቀማሁ፤ ቅጠሏን አወጣሁ፤ በመዳፌ ጨፍልቄ በመስኮት ወረወርኳት። እትዬ ዘነበች መሐረባቸውን ከወለሉ አንስተው አጠፉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለሴቶቹ፣ «ውሃውን አታብዙባቸው» ብለው ወጡ። ያን ዕለት ሴቶቹ ለእኔ ወግነው፣ ከመቼውም ይልቅ አብዝተው አጠጡ።

በወሩ ቤቱ ሸተተ። የበሰበሰ አፍሪካን ቫዮሌት ሽታ ከአሮጌ የሻይ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል፤ ትንሽ ጣፋጭ አለበት። መሃሉ ይቦካል፤ ቅጠሎቹ ከላይ ደህና መስለው በጣት ሲነኩ እንዳለ ይነሳሉ፤ ሥር የሚባል የለም። አሥራ አንዱንም ጓሮ ደፋኋቸው። «እጇ ነው፤ ነክታ ረገመቻቸው» አለች አንዷ፣ እዚያው ጆግ የያዘችው። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ሴቻን አዳረሰ። እትዬ ዘነበች ከሌባነት ወደ ረጋሚነት አደጉ። ከሴቶች ኅብረት ቀሩ፤ ድግስ ላይ የሚነኩትን ወጥ የማይበሉ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ በመጨረሻ ላንቴ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ስለ ቤት ውስጥ አበቦች የሚያወራ መጽሐፍ ገልጬ፣ ቆሜ፣ ስለ ቫዮሌት አንድ ገጽ አነበብኩ። አበባውን የሚገድለው ውሃ ማነስ ሳይሆን ውሃ መብዛት ነው ይላል። እናቴ ስትል የኖረችውን፣ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ የተናገሩትን ቃል በቃል ማለት ይቻላል። መጽሐፉን መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ማወቅ የሚገባኝን አውቄያለሁ፤ አገሬ ተመልሼ የእናቴ ቤት መኖር ከጀመርኩም ቆይቷል፤ የላንቴን መንገድ ግን ዓሣና ማንጎ ለመግዛት ብቻ ነው የሄድኩበት።

ለሰላማዊት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ፕሪንት የተደረገውን ስትሰጠኝ «ከፈለጉ ቅጠል ልስጥዎት» አለችና ሳልመልስ በመቀስ ቆረጠችልኝ። እንዲሁ በቀላሉ። እናቴ ለአንዲት ከተማ የነፈገችውን አንዲት የማላውቃት ልጅ በቢሮ መቀስ ቆርጣ በተበላሸ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ውሃ እንዳያበዙ» አለችኝ።

አላበዛሁም። አሸዋ አጠብኩ። ከሰል ደቆስኩ። የቲማቲም ቆርቆሮ ታቹን በምስማር በሳሁ፤ ሦስት ቀዳዳ። ቅጠሏን አስደግፌ ብርጭቆ ደፋሁባት። በአምስተኛው ሳምንት አልሆነም ብዬ ልጥላት ስል፣ ከዘንጓ ሥር የአይጥ ጆሮ የሚያክሉ ሁለት ቅጠሎች ብቅ ብለው አገኘሁ። ልስቅ ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ለወጣቱ ትውልድ ምክር በሚጠየቅበት ዕድሜ፣ ከመስኮት ሥር ተንበርክኬ የዶሮ ላባ እፈልጋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ስድስት ቅጠል ሆነች። እዚያ ላይ፣ ላንቴ ላለመሄድ ሰበብ አለቀብኝ።

እትዬ ዘነበች ማንጎ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መንገዱ ዳር አይሱዙ ሙዝ ይጭናል፤ ልጃቸው ከጫኞቹ ጋር እየተከራከረች ነበር።

«ማነው?»

«የአበራሽ ልጅ ነኝ።»

«እሷ አንድ ልጅ ነው ያላት።»

«እሱ ነኝ።»

«ድምፅህ አረጀ» አሉ። «ምን ይዘሃል? ቆርቆሮ ሰማሁ።»

ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ቅጠሉ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። «ፀጉሩ ደረቅ ነው። የአበራሽ እንደ ሕፃን ጆሮ ነበር። ይሄ የእሷ አይደለም።»

«አይደለም። የእሷ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። ያን ዕለት ነው የሞተው።» አፈሩን በጣታቸው እየነኩ ቀጠሉ። «አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ሰው ልካ አስጠራችኝ። ሄድኩ። አለቀስን፣ ተሳደብን፣ ታረቅን። ከዚያ በየሐሙሱ ሰው ሳያየኝ እሄድ ነበር፤ ፀጉሯን አጥብላት ነበር። አንተ አልነበርክም።»

«አልነገረችኝም።»

«መቼ ትንገርህ?» አሉ። «እኔ ስሞት ሴቶቹ አበቦቹን ያጠጧቸዋል አለች። አውቃቸዋለሁ፣ እያለቀሱ ይገድሏቸዋል አለች። በሦስተኛው ቀን ሂጂና አንድ ቅጠል አንሺ። ሥር ሲያወጣ ለልጄ ስጪው አለች።»

«ለማን?» አልኩ። ሰምቻለሁ።

«ለልጄ ነው ያለችው። ለእኔማ አይደለም፤ ያቺ ንፉግ፣ እስከ መጨረሻው!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። እኔ የያዝኩትን የቆርቆሮ ጠርዝ አልለቀቅሁም ነበር፤ ለቀቅሁ።

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«በኋላ እነግርሃለሁ አላልኩህም? በሰው ፊት፣ እናትህ አንተን አላምንም ብላ ለእኔ አደራ ሰጠች ልበል? አሳዘንከኝ።»

የአይሱዙው ሞተር ተነሳ፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኩ። ስንት ሺህ ቃል ጽፌ የማውቅ ሰው፣ ሌላ አልመጣልኝም።

«ሌባ ስትለኝ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር» አሉ። «ይቅርታውን ለብቻዬ ይዘህልኝ መጣህ። የሰሙት ግማሾቹ ሞተዋል፤ ሌባ እንደሆንኩ አውቀው ነው የሞቱት። ማን ይንገራቸው?»

ልጃቸው መጥታ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሲነግሯት እጇን ከእጄ አወጣች። እትዬ ዘነበች ቆርቆሮውን አቀበሏት። «መስኮቱ ላይ አድርጊው፣ ፀሐይ ከማይመታው ጋ። ማንም እንዳያጠጣ።» ከዚያ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት መለሱ።

«እኔም ሩቅ አይደለሁም። ስሞት ቶሎ ና። ሳትቀመጥ፣ ሳታለቅስ፣ ቀጥ ብለህ ወደ መስኮቱ ሂድ። ውሃውን ድፋ፣ አንድ ቅጠል ቁረጥ። ሥር ሲያወጣ ለልጄ ስጣት።»

«ልጅዎ ብታየኝስ? ለቀስተኛው ቢያየኝስ?»

«ሌባ ይሉሃል» አሉ። «ያኔ ዝም በል። እኔ ዝም ብያለሁ።»